አሚን ስለተባለበት ተራ ቁጥር አራት

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ፓርላማ ፕሬዝዳንት፣
ለአቶ ሚስባህ፣
ባሉበት፤ ካሉ።

ክቡር ፕሬዝዳንታችን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። በምርጫው ሰሞን ባጃጅ ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ የዘጋዎት ጉሮሮ እንዴት ሆነልዎ? ከተመረጡ ጀምሮ ድምፅዎ ስላልተሰማ፣ እኛ መራጮችዎ ሕመሙ ጠንቶብዎት እንዳይሆን እየሰጋን ነው። ከአጎትዎ የተዋሱት ሱፍ፣ እጅጌው ላይ የተሰፋችው የፋብሪካ ምልክት ሳትነሣ ሦስት ሳምንት ያገለገለው፣ እሱም በሰላም ወደ ባለቤቱ እንደተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና የማልሆነው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

የምጽፍልዎት ፈይሩዝ ነኝ። የዘጠነኛ «ለ» ተማሪ፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ አይፈረድብዎትም፤ ሰው እንዳያየኝ ብዙ የደከምኩ ልጅ ነኝ። ስሜ ሲጠራ የምለውን «አቤት» ማንም ስለማይሰማው፣ የክፍል ኃላፊያችን መምህር ደሞዜ ቀና ብለው በዓይናቸው ፈልገውኝ ነው ምልክት የሚያደርጉልኝ። ትምህርቴም ትንሽ ነው፤ እናቴ ታማ ሁለት ዓመት አቋርጬ የተመለስኩ ነኝ። ስለዚህ በደብዳቤዬ ውስጥ ለክብርዎ የማይመጥን ቃል ቢያገኙ ያለማወቄ እንደሆነ ይቁጠሩልኝ። አንዳንዱ ግን አውቄ የጻፍኩት ነው።

የጻፍኩትም በራስዎ ትእዛዝ ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዎ ይታገሱ ወጥታ «ፕሬዝዳንቱ የቃል አቤቱታ አይቀበሉም፤ በጽሑፍ አቅርቢ» አለችኝ። ከልቤ አመሰገንኳት። በቃል ብጠየቅ ኖሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ አልቅሼ እሄድ ነበር። በጽሑፍ ግን አላለቅስም፤ ባለቅስም ወረቀቱን ቀይሬ እንደገና እጀምራለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ደግሞ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቢሮዎ የገባ ወረቀት ሲወጣ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

አቤቱታዎቼን እንደ ትምህርቴ መጠን በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቅስቀሳው አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤታችን እንደዚያ ደምቆ አያውቅም። ተወዳዳሪዎ ሮቤል ዋይፋይ አስገባለሁ ሲል መብራት ጠፍቶ ማጉያው ስለሞተ፣ ከኋላ የቆምነው «ዋይ» የሚለውን ብቻ ሰምተን የሞተ ሰው ያለ መስሎን ደንግጠን ነበር። እርስዎ ሲወጡ መብራቱ መጣ። «ለውጥ በተግባር!» አሉ። ከፊት የነበረ አንድ ልጅ «የምን ለውጥ?» ብሎ ጮኸ። እርስዎም «ዝርዝሩ በሂደት ይገለጻል» አሉት፤ ሁላችንም አጨበጨብን። እስከ ዛሬ ለምን እንዳጨበጨብኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ከረሜላም ታደለ። ሮቤል ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሲሰጥ እርስዎ አንድ አንድ ብቻ ሰጥተው አሸነፉ፤ ይህ የንግግር ችሎታዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፦ ከተመረጡ በኋላ የፓርላማው የመጀመሪያ ውሳኔ የአንገት ባጅ ማሠራት እንደነበር በሚኒ ሚዲያ ሰምተናል። ተገቢ ነው። ባጅ ከሌለ ፕሬዝዳንቱን ከተማሪው መለየት ያስቸግር ነበር፤ አሁን ግን ገና ከሩቁ ስናይዎ መንገድ እንለቃለን። ሁለተኛው ውሳኔ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለውን ቧንቧ መመረቅ ነበር። ሪባን ቆርጠዋል፤ ፎቶው በቴሌግራም ወጥቷል፤ ብዙ ሰው ወዶታል። ሪባኑ እስከ ዛሬ እዚያው ተንጠልጥሎ አለ። ውሃው ግን ፎቶ መነሣት የማይወድ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፦ ወልድያ ለሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና መሄድዎ አስደስቶናል። የሥልጠናው ርእስ «ተማሪን ማዳመጥ» እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ በርዎ ላይ የቆምኩት እርስዎ ከዚያ ከተመለሱ በኋላ ነው።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንድረዝም ይፍቀዱልኝ። በእርስዎም የቅስቀሳ ወረቀት ላይ ረጅሙ አራተኛው ነበር።

ናጅዋ ጀብሪልን ምናልባት ያውቋት ይሆናል። ከእኔ አጠገብ የምትቀመጠው ናት፤ ማለቴ ትቀመጥ የነበረችው። ቤተሰቦቿ ከሲሪንቃ በላይ፣ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። ከሩቅ እንደሚመጡት ልጆች ሁሉ እዚህ መርሳ ከተማ ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው፤ እትዬ አሰፋሽ ግቢ ውስጥ፣ በሩ ወደ ጓሮ በሚከፈተው ክፍል። አባቷ ጋሽ ጀብሪል በየገበያው ቀን ስንቋን በአህያ ጭነው ያመጡላታል፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴ በላስቲክ የታሰረ ሽሮ። ምሳ ሰዓት ላይ ኒሙ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን የእሷን ቆሎ ከእኔ እንጀራ ጋር እንካፈል ነበር። እኔ ብዙ አላወራም፤ እሷ የሁለታችንንም ድርሻ ታወራ ነበር። መምህር ሲጠይቁ መልሱን እያወቅሁ አንገቴን ስደፋ «ቲቸር፣ ፈይሩዝ እኮ ታውቀዋለች! ዝም ማለቷ ነው!» ብላ የምታጋልጠኝ እሷ ነበረች።

ጥቅምት ላይ እርስዎ ወደ ክፍላችን መጥተው «ቁም ጽሑፏ ያምራል የተባለችው የትኛዋ ናት?» ሲሉ ናጅዋ ናት በጣቷ ያሳየችዎት። ወደ እኔ መጥተው ስሜን ጠየቁኝ። በዚህ ትምህርት ቤት ስሜን የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እሾህ የሌለበት ምስጋና ይህ ብቻ ነው። ሦስት ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ አሥራ ስምንት የቅስቀሳ ወረቀት በማርከር ጻፍኩልዎ። ተራ ቁጥር አራትን ሲነግሩኝ እጄ ቆመ። «ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች እስከ ኅዳር መጨረሻ ማደሪያ እናስከፍታለን» የሚል ነበር። ናጅዋን አስቤ ልቤ ዘለለ። ቀስ ብዬ «የት ነው የሚሆነው?» አልኩዎት። ሳቁና «አንቺ ጻፊው ብቻ ፈይሩዝዬ፣ ዝርዝሩን ለእኛ ተይው» አሉኝ። ስሜ ላይ «ዬ» ስለጨመሩበት ሁለተኛ አልጠየቅሁም። እንደዚያ በርካሽ መሸጤን ሳስብ አፍራለሁ።

ከዚያ የገበያው ቀን ደረሰ። ባጃጅዎን ገበያው ጫፍ ላይ አቁመው፣ ወረቀቶቹን ይዤ እንድቆም አደረጉኝ። ጋሽ ጀብሪል የናጅዋን ስንቅ አውርደው አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ አይተው «አባቴ፣ ዱዓ ያድርጉልን! ለልጆችዎ ነው የተነሣነው!» ብለው ጠሯቸው። እሳቸውም ቆሙ። ፊደል ስላልቆጠሩ ወደ እኔ ዞረው «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ። አንብቤላቸው አራተኛው ላይ ስደርስ «እንደገና በይው» አሉኝ። እንደገና አልኩት። «እስከ ኅዳር መጨረሻ?» አሉ። «ልጄ፣ እንዳነበብሽው ነው?»

ክቡር ፕሬዝዳንት፣ በእኛ አገር ሴት ልጅ በታላቅ ሰው ፊት አንገቷን ከደፋች እሺ ማለቷ እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ አንገቴን የደፋሁት ስላፈርኩ ነበር። ማደሪያው የት እንደሆነ አላውቅም ማለት ፈልጌ ነበር። ጠይቄ እንደሳቁብኝ መናገር ፈልጌ ነበር። ግን እርስዎ አጠገቤ ቆመዋል፣ ሰው ከቦናል። ጋሽ ጀብሪል አንገት መድፋቴን እሺታ አድርገው ወሰዱት። ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «የሰው ልጅ ለማስጠለል የተነሣን ሰው አላህ በዐርሹ፣ በዙፋኑ ጥላ ሥር ያስጠልለው፤ ቃላችሁን ይሙላላችሁ» አሉ። ሽንኩርት ሻጮቹ አሚን አሉ። የባጃጁ ሹፌር አሚን አለ። ከሁሉ ጮክ ብለው አሚን ያሉት ግን እርስዎ ነበሩ፤ ማጉያውን ከአፍዎ አላነሡትም ነበርና።

ዱዓ የተደረገበት ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት የለብኝም፤ የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። እርቅ ቢሆን፣ ጋብቻ ቢሆን፣ ለጅጌ፣ ለደቦ ሰው መጥራት ቢሆን፣ አሚን ከተባለ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ የሚል የለም። ቃሉ ቢያቅተው እንኳ ሰውየው ራሱ መጥቶ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብሎ ያነሣዋል እንጂ፣ ጥሎት አይሄድም። ጋሽ ጀብሪል ያን ዕለት ከገበያው በቀጥታ የሄዱት ወደ እትዬ አሰፋሽ ነው። ክፍሉን ኅዳር ሲያልቅ እንለቃለን አሏቸው። እትዬ አሰፋሽ ነገር የማይገባቸው ሰው አይደሉም። «ጋሽ ጀብሪል፣ የልጆች ወሬ ይዘው ቤት ይለቃሉ? ይህ ሁሉ ሱሪው ገና ያልጠበቀለት ጎረምሳ የሚለፈልፈው ነው» አሉ። እሳቸውም «አሰፋሽ፣ አሚን የተባለበት ነገር ወሬ አይባልም» ብለው መለሱ። ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

የታኅሣሥ መጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን እርስዎም አይተዋል። ግን ፊትዎን ቶሎ ስላዞሩ ሁሉንም ያዩ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ልንገርዎ። ጋሽ ጀብሪል የናጅዋን ፍራሽ፣ ጄሪካኗንና ሰማያዊ ሣጥኗን አህያ ላይ ጭነው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ለጥበቃው «ማደሪያው በየት በኩል ነው?» አሏቸው። ጥበቃው ቀልድ መስሏቸው «ማደሪያ? ለማን፣ ለአህያው?» አሉ። መስኮት ላይ የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። ጋሽ ጀብሪል ግን አልተቆጡም፤ «ለልጄ ነው ወንድሜ። ተማሪዎቹ ቃል ገብተውልናል፣ አሚን ብለናል» አሉ። ጥበቃው ሳቃቸውን ዋጡት። ገብተው የራሳቸውን በርጩማ አምጥተው «ይቀመጡ አባቴ» አሏቸው። በዚያ ቀን ከመላው ትምህርት ቤት አንድ ነገር ያደረገ ሰው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ባጅ የላቸውም።

እርስዎ በረንዳው ላይ ወጡ። አህያውን አዩ፤ ፍራሹን አዩ፤ እኔንም አዩ። ተመልሰው ገቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይታገሱ መጥታ «ፕሬዝዳንቱ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። እኔ ሰው የማያየኝ መሆኔ አንዳንዴ ይጠቅመኛል፤ በቢሮዎ መስኮት በኩል አለፍኩ። ስብሰባው በእርስዎና በወንበሩ መካከል ነበር።

እስከ ቀትር ጠበቁ። ናጅዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የተዋሰችኝን የጂኦግራፊ ደብተር ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ገልብጣ አልጨረሰችውም ነበር። «ይቆይሽ፣ ትመልሺልኛለሽ» ልላት ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ። ያን ቀን ሁለታችንም እኔን ሆንን። ጋሽ ጀብሪል አህያውን ሲያዞሩ አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። እንዳለቀስኩ አይተው ራሴን በመዳፋቸው ነክተው «አይዞሽ ልጄ፤ አንቺ ያነበብሽው የተጻፈውን ነው» አሉኝ።

የጻፈችው እኔ መሆኔን አያውቁም።

አምስተኛ፦ በማግስቱ በኮሪደር ሲያልፉ ለጓደኞችዎ «የቅስቀሳ ቃል እኮ ነው፤ ቤት ለቆ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?» ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሁሉ በእኔ ፊት ብቻውን እንዳለ ነው የሚያወራው። እውነትዎን ነው፤ ማንም አላሰበም። ወልድያ ያለ ባለሥልጣን ቢሰማው ኖሮ ስቆ ያልፈው ነበር፤ መምህራኖቻችን ስቀው አልፈውታል፤ እኛም ከረሜላችንን እየመጠጥን አጨብጭበን አልፈናል። በመላው ሀብሩ ወረዳ የእርስዎን ወረቀት ሙሉ በሙሉ ያመኑት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን መረጥንዎ እንጂ አላመንንዎትም።

ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዳቋቋሙ ከይታገሱ ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ኮሚቴው ጥናቱን ሲጨርስ ናጅዋ ሁለት ልጆች ይኖሯታል ብዬ እገምታለሁ። እስከዚያው እኛ በአቅማችን አንድ ነገር ሞክረናል። እናቴን ለመንኳት፤ እናቴም ከሕመሟ ሙሉ በሙሉ ሳትድን ባለፈው እሑድ አብራኝ ተነሣች። ሲሪንቃ ከሚኒባስ ወርደን፣ በእርሻ ምርምር ማእከሉ ማሳዎች ጎን አድርገን ወደ ላይ ወጣን። እነዚያን ማሳዎች አይተዋቸው ያውቃሉ? እያንዳንዱ መደብ ላይ ትንሽ ምልክት ተተክላለች፤ የዘሩ ስም፣ የተዘራበት ቀን። ናጅዋ አንድ ጊዜ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። አባቷ ከማእከሉ ሠራተኞች አንዱን «ያልበቀለውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ቢጠይቁት «አልበቀለም ብለን እንጽፋለን» አላቸው። አባቷ ይህን ነገር በጣም ወደውት ለወር ያህል ለሰው ሁሉ ያወሩት ነበር። ባዶውን መሬት እያየሁ ስወጣ ስለ እርስዎ አሰብኩ።

እናቴ ለጋሽ ጀብሪል «ልጅዎን ለእኔ ይስጡኝ፤ ከፈይሩዝ ጋር በአንድ ፍራሽ ይተኛሉ፤ የምንበላውን ትበላለች» አለቻቸው። ናጅዋ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ እንደዚያ ትንፋሿን ስትይዝ አይቻት አላውቅም።  ጋሽ ጀብሪል እንዲህ አሉ፦ «እቴ፣ ቤትሽ ይሙላ። ግን አንድ ቃል በሰማይና በምድር መካከል ተንጠልጥሎ ሳለ፣ በእሱ ላይ ሌላ ቃል አላስርም። በሰው ፊት እጄን ዘርግቼ አላህን ለምኜበታለሁ። ያ ልጅ መጥቶ አፉ በሉኝ ይበለኝ። እኔም አፉ እለዋለሁ፤ በማግስቱ ልጄን ራሴ አመጣልሻለሁ።» እናቴ ልትከራከር ፈልጋ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው። እኔ በዚያች ሰዓት «ጋሽ ጀብሪል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፋሁ። አሁንም እሺ ያልኩ መሰላቸው።

እንግዲህ የምለምንዎት ነገር ይህ ነው። ማደሪያ አላልኩም። በጀት አላልኩም። ሪባን የሚቆረጥበት ነገርም የለውም። ዛሬ ሐሙስ ናጅዋ ከቀረች አሥራ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በትምህርት ቤታችን ደንብ በተከታታይ አሥራ አምስት ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ ከስም መጥሪያው ላይ ይሰረዛል፤ ነገ አሥራ አራት ይሆናል፣ ሰኞ አሥራ አምስት። ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ላይ ካልተገኘች ለዚህ ዓመት አበቃላት፤ ለዚህ ዓመት ያበቃላት የገጠር ሴት ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደምትገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። የሚፈለገው ቅዳሜ ወደ ሲሪንቃ በሚኒባስ መሄድ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር መውጣትና አንድ ነገር መናገር ነው። ለሥልጠናው ሲሄዱም ሲመለሱም በሲሪንቃ ደጃፍ አልፈዋልና መንገዱ አይጠፋዎትም።

ትናንት የሆነውንም ልጨምር። መምህር ደሞዜ ስም ሲጠሩ «ናጅዋ ጀብሪል» አሉ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከዚህ ስም በኋላ የሚመጣውን ዝምታ እጠላው ነበር። ሳላስበው «አቤት!» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ሳቁብኝ። መምህር ደሞዜም «ፈይሩዝ፣ ድምፅ አለሽ ለካ» አሉ። በስም መጥሪያው ላይ ግን ቀዩን ምልክት አደረጉ። ደንብ ነው፤ አልቀየምኳቸውም።  ከዚያ ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ኒሙ ዛፍ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እንጀራዬን ለሁለት ከፍዬ ቁራሹን ይዤ ቆየሁ።

በመጨረሻም፣ ክቡር ፕሬዝዳንት፣ ውድ ጊዜዎን ወስደው በሰሌዳው ፊት ቆመው ይህን ስላነበቡ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው አንብቦ ከነገርዎትም ያንን ሰው አመሰግናለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ባጅዎን ከዝናብ ይጠብቀው፤ ወደፊት ከዚህ ለሚበልጥ ወንበር ሲታጩ ደግሞ ከሚያምንዎት ሰው ይሰውርዎ።

የክብርዎ ታዛዥ፣ መራጭና ወረቀት ጻፊ፣
ፈይሩዝ፣
ዘጠነኛ «ለ»፣ የመጨረሻው ረድፍ፣ ባዶው ወንበር አጠገብ፣
መርሳ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በቅስቀሳ ወረቀቶችዎ ጀርባ ላይ ነው። ሌላ ወረቀት አልነበረኝም፤ በፊት ለፊታቸው ያለውን ደግሞ አሁን የሚፈልገው ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ሌላ ማስታወሻ፦ ይህቺ ለፕሬዝዳንቱ አይደለችም፤ ለሚስባህ ናት።

ሚስባህ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሲሪንቃ ሚኒባስ የሚጫንበት ቦታ እገኛለሁ። ብትመጣም ባትመጣም እወጣለሁ። ለጋሽ ጀብሪል ያነበብኩት ብቻ ሳይሆን የጻፍኩትም እኔ ነኝ ብዬ ቀና ብዬ እነግራቸዋለሁ። በጣም ፈርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። እኔ የራሴን አፉ በሉኝ እላለሁ፤ ያንተን ግን ልልልህ አልችልም፤ እሳቸው የሚጠብቁት አሚን ያለውን ልጅ ነው። ሱፍ አትልበስ። ማጉያ አያስፈልግም፤ ቤታቸው ትንሽ ነው፣ ቀስ ብለህ ብትናገርም ይሰማል። እዚያ ስትደርስ የምትለው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከጠፋህ እኔ በወረቀት እጽፍልሃለሁ፤ ቁም ጽሑፍሽ ያምራል ብለኸኝ የለ?